ካለ አለ፣ ከሌለ የለም፦ በገጠር እንግዳ ለሚያሳድሩ የአሠራር መመሪያ

አመሻሽ ላይ ነው። ሁለት እንግዶች ቀኑን ሙሉ በእግራቸው ተጉዘው ገደል አፋፍ ላይ ወዳለች የመንደር ማረፊያ ደረሱ። እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። አቧራ ለብሰናል። አንደኛዋ የጫማዋን ክር እየፈታች «ሙቅ ውሃ ይኖራል?» ብላ ጠየቀች። አስተናጋጁ ልጅ ፊቱ በራ። «አለ! ምን ችግር አለ!» ብሎ ወጣ። ከጓሮ በኩል ለእህቱ ባዶ ጀሪካን ሲያቀብላት አየሁት። ምንጩ ቁልቁል ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። እንጨቱም ርጥብ ነበር። ውሃው ሞቆ ሲመጣ እንግዳዋን ከነልብሷ እንቅልፍ ወስዷታል።

ያ ልጅ ዋሸ አልልም። እንግዳን «የለም» ማለት ነውር ነው ተብሎ ነው ያደገው። ሁላችንም እንደዚያው ነን። «መሽቶብኛል፣ የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ላለ ሰው «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግባ» ብሎ መደብ መልቀቅ የወላጆቻችን ወግ ነው። ይህን ወግ የትም አገር በገንዘብ ገዝቶ ማምጣት አይቻልም። ግን ዘመድ ቤት የሄደ ሰው የቀረበለትን ይበላል፣ የጎደለውን በሆዱ ይይዛል። ከፍሎ የሚያድር ሰው የተነገረውን ይጠብቃል። ቤቱ ትንሽ ቢሆን፣ መብራት ባይኖር፣ እራቱ ሽሮ ብቻ ቢሆን ቅር አይለውም። ቅር የሚለው «አለ» የተባለው ሲጠፋ ነው።

ይህን የምጽፈው በሰሜን ተራሮች፣ በመቄት፣ በመንዝ ጓሳ፣ በወንጪ፣ በዶርዜ፣ በጮቄ፣ በሌሎችም ቦታዎች በማኅበር ተደራጅታችሁ ወይም በየቤታችሁ እንግዳ ለምታሳድሩ ነው። ገና ልትጀምሩ ላሰባችሁም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2021 ወንጪ፣ በ2022 ደግሞ የጮቄ ተራሮች ኢኮ ቪሌጅ በዓለም ቱሪዝም ድርጅት የምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። ስም እንግዳን አንድ ጊዜ ያመጣል። ሁለተኛ የሚያመጣው፣ ወንድሙንና ጓደኛውን የሚያስከትለው፣ ያደረበት ቤት ነው።

1. በራሳችሁ እንግዳ ቤት አንድ ሌሊት እደሩ

ከሁሉ በፊት ይህን አድርጉ። ቤታችሁን ለአንድ ሌሊት ተዉትና እንግዳው በሚተኛበት ጎጆ፣ በእሱ አልጋ፣ በእሱ ብርድ ልብስ እደሩ። ስልካችሁን አትያዙ። በቤት ልብስ ሳይሆን እንደ መንገደኛ ቦርሳ ይዛችሁ ግቡ።

ብዙ ነገር ይገለጥላችኋል። ልብስ የሚሰቀልበት ሚስማር የለም። በሩ ሲዘጋ ከሥር ነፋስ ይገባል። ሌሊት ሽንት ቤት ለመሄድ የሚያስፈልገው ባትሪ የት እንዳለ አይታወቅም። የጎረቤት ውሻ መንገድ ላይ ቆሞ ያጓራል። ትራሱ ያለፈው እንግዳ የራስ ቅባት ይሸታል። ይህን ሁሉ እንግዳ አይነግራችሁም። እናንተ ግን በአንድ ሌሊት ታውቁታላችሁ።

ጠዋት ወረቀት አውጡና ሦስት ቦታ ክፈሉት። አንደኛው «ሁልጊዜ አለ»። ሁለተኛው «ቀድሞ ከተነገረን እናዘጋጃለን»። ሦስተኛው «የለም»። ለምሳሌ ሻይ፣ ንጹሕ አንሶላና የፈላ ውሃ አንደኛው ላይ ይግቡ። ዶሮ ወጥ፣ በቅሎና የሰውነት መታጠቢያ ሙቅ ውሃ ሁለተኛው ላይ። ስልክ ቻርጅ ማድረጊያና ቀዝቃዛ ቢራ ከሌላችሁ ሦስተኛው ላይ ጻፉት። ሳታፍሩ ጻፉት። ወረቀቱ ስልክ የሚያነሳው ሰው ኪስ ውስጥ፣ ማዕድ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ እንግዳ ቤቱም ውስጥ ይኑር። ከዚህ በኋላ ማንም ሰው ከወረቀቱ ውጭ «አለ» አይበል።

2. ስልኩ ላይ ጨርሱት

አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚጀምረው እንግዳው ገና ሳይመጣ ነው። ስልክ ሲደወል «ኑ ብቻ፣ ችግር የለም» የምንላት ነገር አለች። ተዉአት። በእሷ ፋንታ ጠይቁ። ስንት ናችሁ? ስንት ሌሊት? ልጅ ወይም ትልቅ ሰው አለ? በእግር ነው በመኪና? የማይስማማችሁ ምግብ አለ? ጾም ትይዛላችሁ? መልሱን ደብተር ላይ ጻፉት። በቃል የተያዘ ይጠፋል።

ሰዓትና ቀን ላይ ተጠንቀቁ። የውጭ እንግዳ «2 ሰዓት እንደርሳለን» ካለ ብዙ ጊዜ የእኛ 8 ሰዓት ነው። እናንተ ጠዋት በ2 ሰዓት ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ፣ እሱ ከምሳ በኋላ ይመጣል። ቀኑ ደግሞ ይብሳል። አንድ ቤተሰብ አውቃለሁ፣ «ሴፕቴምበር 20» የተባለላቸውን «መስከረም 20» ብለው ያዙ። ልዩነቱ 10 ቀን ገደማ ነው። እንግዶቹ መጥተው ቤቱ ተዘግቶ አገኙት። ቤተሰቡ ደግሞ ከዐሥር ቀን በኋላ በግ አርደው ማንንም ሳያገኙ ዋሉ። ስለዚህ ቀኑን ከነዕለቱ አስነግሩ። «ዓርብ ነው ቅዳሜ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ስሕተቱ ወዲያው ይወጣል።

«መንገዱ ሰላም ነው?» ተብላችሁ ስትጠየቁ ያለውን ተናገሩ። ይህን በደማቅ ቀለም ብጽፈው ደስ ይለኛል። ከኮሮናና ከጦርነቱ ወዲህ እንግዳ እንደቀረ፣ ብዙ ቤት በዚህ እንደተጎዳ አውቃለሁ። አንድ ቡድን ሲደውል «እንዳይቀርብን» የሚለው ስሜት ይገባኛል። ግን ትናንት መንገድ ተዘግቶ ከነበረ ንገሩ። «ዛሬ አትምጡ፣ ረቡዕ እንደውልላችኋለን» ያላችሁት ሰው ይተማመንባችኋል። ዋሽታችሁ ያመጣችሁት ሰው አንድ ነገር ቢደርስበት ጸጸቱ ዕድሜ ልክ ነው።

3. የመጀመሪያዋ ሩብ ሰዓት

እንግዳ ሲደርስ ተነሡ። «ኖር» ማለት ከአፍ ሳይሆን ከወገብ ነው የሚጀምረው። ቦርሳውን ተቀበሉት፣ መቀመጫ አሳዩት፣ ውሃ አቅርቡ። መዝገብና ዋጋ ይቆዩ። ተራራ ወጥቶ ትንፋሹ ያልተመለሰ ሰው ፊት ደረሰኝ አይዘረጋም።

እግር ማጠብ የእኛ ድንቅ ወግ ነው። ሰሜን ውስጥ አንዲት እናት ያደረጉትን ልንገራችሁ። ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አቀረቡ፣ ጥቂት ጨው ጣል አደረጉበት፣ ንጹሕ ፎጣ አጠገቡ አስቀመጡ። ከውጭ አገር ለመጣችው ወጣት «ነይ ልጄ፣ እግርሽን ዘፍዝፊ። ልጠብሽ ወይስ ራስሽ ትታጠቢያለሽ?» አሏት። ልጅቱ አሜሪካ ተወልዳ ያደገች ናት፣ አማርኛዋ ስብርብር ያለ ነው። ትልቅ ሰው እግሯን ሲያጥባት እንዴት እንደምትሆን አታውቅም። ምርጫ ስለሰጧት ራሷ ታጠበች። እማማም ደስ ብሏቸው አጠገቧ ተቀምጠው ቆሎ አቆረጠሟት። ወጉ አልተጓደለ፣ እንግዳዋም አልተሸማቀቀች። እንዲህ ነው። አቅርቡ፣ ጠይቁ፣ ከዚያ ለእሱ ተዉለት።

ትንፋሹ ሲመለስ አምስት ነገር ንገሩት፦ ስማችሁን፣ የሚተኛበትን፣ ሽንት ቤቱን፣ እራት የሚደርስበትን ሰዓት፣ ማታ ቢቸገር ማንን እንደሚጠራ። ሽንት ቤቱን ሳይመሽ ወስዳችሁ አሳዩ። በአፍ «እዚያ ማዶ ነው» አይበቃም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ፈረንጅ ሲመጣ ፎጣው ይወጣል፣ ሳህኑ ይወለወላል። ከአዲስ አበባ፣ ከደሴ፣ ከባሕር ዳር የመጣ ሐበሻ ሲመጣ ግን «እናንተማ ቤተኛ ናችሁ» ይባላል። ቤተኛ ማለት የተረሳ ማለት ሆኖ ይቀራል። ብርድ ልብሱ አንድ ይጎድላል። ሻዩ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ይህን በዓይኔ ያየሁት አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ከውጭ የሚመጣው ሰው በቀነሰባቸው ዓመታት ብዙ ማረፊያ ሳይዘጋ የቆየው በአገር ልጅ ነው። አንድ ዓይነት ክፍል የያዘ ሰው አንድ ዓይነት ብርድ ልብስ፣ አንድ ዓይነት ፈገግታ ይገባዋል። ለውጭና ለአገር ውስጥ እንግዳ የተለያየ ዋጋ ካላችሁ ሰሌዳው ላይ ይጻፍ። አገልግሎቱ ግን አይለያይ።

4. አልጋው

እንግዳ ሁሉን ነገር ይቅር ይላል፣ ቁንጫን ግን አይልም። ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም አደርጋለሁ።

አንሶላና የትራስ ልብስ በእያንዳንዱ እንግዳ ይቀየራል። «አንድ ሌሊት ብቻ ነው የተኛበት» የሚባል ነገር የለም። ለአንድ አልጋ ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ቅያሪ ያስፈልጋል፤ ክረምት ላይ የታጠበ ቶሎ አይደርቅም። ነጭ አንሶላ ግዙ። ነጭ ቆሻሻ አይደብቅም፣ እንግዳም ሲያየው ልቡ ያርፋል። ብርድ ልብስ በየእንግዳው ማጠብ ከባድ ነው። ስለዚህ ከላይኛው አንሶላ ጫፍ አንድ ክንድ ያህል ወደ ብርድ ልብሱ ላይ እጠፉት። የእንግዳው ፊት የሚነካው የታጠበ ጨርቅ ይሆናል። ብርድ ልብሱን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ ዘርጉት፣ አራግፉት፣ አገላብጡት።

ቁንጫ የሚመጣው ከእንስሳና ከአቧራ ነው። ዶሮ፣ ፍየል፣ ውሻ እንግዳ ቤት ደጃፍ አይለፉ። ቀን በሩ ክፍት ከሆነ ዶሮ ትገባለችና መረብ ወይም ግማሽ በር አሠሩ። የአፈር ወለል ከሆነ እናቶቻችን እንደሚያደርጉት በእበት በደንብ ይለቅለቅ፣ ስንጥቅ አይኑርበት። ከላዩ ሰሌን ይነጠፍ። ቄጠማ ሲጎዘጎዝ ያምራል፣ ግን በየቀኑ ይቀየር። የሰነበተ ቄጠማ የተባይ ቤት ነው። ትኋን ደግሞ ፍራሽ ስፌት ውስጥና አልጋ መጋጠሚያ ላይ ይደበቃል። በባትሪ ፈልጉ። ጥቋቁር ነጠብጣብ ካያችሁ አልጋውን አውጡት፣ መጋጠሚያውን በፈላ ውሃ ደጋግማችሁ ጠርጉት፣ ጨርቁን ቀቅሉት፣ እስኪጠፋ ድረስ ቤቱን አታከራዩ። ለማሳ የተገዛ መርጫ ወይም ነጭ ጋዝ ሰው የሚተኛበት ላይ አትርጩ።

ብርድ ሌላው ነው። በሰሜን ተራሮች ያሉት ማረፊያዎች፣ ሳንካበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ፣ ሁሉም ከ3200 ሜትር በላይ ናቸው። ጓሳም እንዲሁ ከፍታ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሣሩ ላይ ውርጭ ይጋገራል። ለአንድ ሰው ሦስት ወፍራም ብርድ ልብስ ቁጠሩ፣ አንድ ጋቢ ጨምሩ። የጎማ የሙቅ ውሃ ከረጢት ካገኛችሁ ግዙ። ማታ ሞልታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ እግርጌ አስቀምጡለት። በዚህ ትንሽ ነገር የተመረቀ አስተናጋጅ ብዙ አይቻለሁ።

አሁን የምጽፈውን እባካችሁ ለሁሉም ሠራተኛ አንብቡለት። ከሰል የያዘ ማንደጃ እንግዳ በሚተኛበት ቤት በፍጹም አይደር። የጋመ ከሰል ጭስ ባይኖረውም መርዝ ያወጣል። መርዙ አይታይም፣ አይሸትም። በተዘጋ ቤት የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። እንግዳው «በርዶኛል፣ ተዉልኝ» ብሎ ቢለምንም አውጡት። ብርድ ልብስ ጨምሩለት፣ ሻይ አምጡለት፣ ከሰሉን ግን አውጡት።

5. ሽንት ቤትና ውሃ

የጉድጓድ ሽንት ቤት መሆኑ ችግር የለውም። ችግሩ ጠረኑ፣ ዝንቡ፣ መዝጊያ ማጣቱ ነው። አንድ ባልዲ አመድ ከነማንኪያው ይቀመጥ። «ከተጠቀማችሁ በኋላ አንድ ማንኪያ አመድ» ብላችሁ ጻፉ። ጉድጓዱ ክዳን ይኑረው። በሩ ከውስጥ ይቆለፍ። ሶፍት በክዳን ዕቃ ውስጥ ይሁን፤ ጤዛ ያረጥበዋል። ክዳን ያለው ቆሻሻ መጣያ አስቀምጡ። ሴት እንግዶች የሚያስፈልጋቸው ነው፣ ጠይቀው የሚያገኙት ነገር አይደለም። ውጭ ላይ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካንና ሳሙና። ይኸው ነው። በቀን ሁለት ጊዜ የሚያይ አንድ ሰው ይመደብ፣ «ሁላችንም እናያለን» ከተባለ ማንም አያይም።

የመጠጥ ውሃ ላይ አንድ ነገር እወቁ። ከፍታ ቦታ ላይ ውሃ የሚፈላው በዝቅተኛ ሙቀት ነው፤ 3000 ሜትር ላይ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይንፈቀፈቃል። ስለዚህ እንደፈላ አታውርዱት። ከ2000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ይንፈቅፈቅ። ባቄላና አተር በደጋ አልበስል የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የፈላውን ውሃ ክዳን ባለው፣ ለሌላ ነገር በማይነካ ዕቃ አቀዝቅዙና ለእንግዳው ጠርሙስ ሙሉለት። የፕላስቲክ ጠርሙስ ቆሻሻም ይቀንሳል።

6. ማዕዱ

አንዲት እንግዳ ስንዴና ገብስ ሆዷን ያምማት ነበር። «ጤፍ ብቻ ነው የምበላው» አለች። «አዎ፣ ጤፍ ነው» ተባለች። ግማሹ ገብስ ነበር። ደጋ ላይ ንጹሕ የጤፍ እንጀራ እንደልብ አይገኝም፣ ጤፍ እዚያ ከፍታ ላይ አይበቅልም። ሌሊቱን ስትሰቃይ አደረች። ማንም ክፉ አላሰበባትም። «ገብስ ነው» ማለት ድህነትን መናገር መስሏቸው ነው። እውነቱን ነግረዋት ቢሆን ድንችና እንቁላል በልታ ደህና ታድር ነበር። ለሌሎቹ ደግሞ የገብስ እንጀራ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ጭኮ የቦታው ኩራት ነው። «ይህ ገብስ ከዚያ ማሳ የታጨደ ነው» ብላችሁ በጣት አሳዩአቸው።

የሚበላውን ስትጠይቁ ጾምን አትርሱ። ረቡዕና ዓርብ፣ የዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታም አለ። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የማይበላ የውጭ እንግዳ ከመጣ የጾም ማዕዳችን ለእሱ ድግስ ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሱፍ ፍትፍት ስንል ብዙ አለን። ለእሱ ግን ቅቤ የነካ ማማሰያ አትጠቀሙ። ሥጋ ካለ ደግሞ ማን እንዳረደው ንገሩ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ማወቅ ይፈልጋል፣ ለመጠየቅ ግን ይሸማቀቃል። ወሎ አካባቢ ያላችሁ ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ።

በርበሬ ይቀነስ፣ ሚጥሚጣው ለብቻ ይቅረብ። ለውጭ እንግዳ ጥሬ ሥጋ ካልጠየቀ አታቅርቡ። ጠላ ለመቅመስ ያህል በትንሽ ብርጭቆ፣ ውሃው ያልፈላ መሆኑን ተናግራችሁ። ጉርሻ አንድ ጊዜ ደስ ይላል፣ ግን መጀመሪያ «ላጉርስህ?» በሉ። «ብሉልኝ፣ በሞቴ» ሁለት ጊዜ ይበቃል። ሦስተኛው ላይ እንግዳው እያመመው ይበላል። የአገራችን ሰው የመጀመሪያውን «በቃኝ» በይሉኝታ ይለዋል፣ የውጩ ሰው ግን የምሩን ነው።

ቡናው ጊዜ ይፈልጋል። ከመቁላት እስከ በረካ ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል። እንግዳው ደክሞት ከሆነ «አቦሉን ጠጥታችሁ መተኛት ትችላላችሁ» በሉት። ዕጣኑና የማድቤቱ ጭስ በትንሽ ጎጆ ውስጥ አስም ያለበትን ሰው ያፍናልና ደጅ ማፍላት ከተቻለ ደጅ ይፈላ። ጸሐይ ስትጠልቅ አፋፉ ላይ የተፈላ ቡና እንኳን ለእንግዳ ለእኛም ብርቅ ነው።

7. ዋጋና ተራ

ዋጋ በሰሌዳ ይጻፍ፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ መግቢያው ላይ። አልጋ ስንት፣ እራት ስንት፣ አስጎብኚ በቀን ስንት፣ በቅሎ ስንት። በቅሎዋ ስትመለስ የሚከፈል ካለ እሱም። «እንደወደዳችሁ ስጡ» የሚባለው አነጋገር ጨዋ ይመስላል፣ እንግዳውን ግን ያስጨንቀዋል። ትንሽ ሰጥቶ እንዳያስቀይም ይፈራል፣ ብዙ ሰጥቶ እንደተሞኘም ይጠረጥራል። ጉርሻ የሚሰጥ ከሆነ ለሁሉም የሚከፋፈል አንድ ሣጥን አስቀምጡ፤ ማዕድ ቤት ያሉት እንዳይረሱ። እንጀራ የጋገረችው ሴት እንግዳው ፊት አትቀርብም፣ ድካሙ ግን የእሷ ነው።

ለአስጎብኚና ለበቅሎ ተራ ያዙ። ተራው በደብተር ይመዝገብ። እንግዳው መኪና በር ላይ አምስት ሰው ሲሻማበት የሚሰማውን አስቡት። ተራው ያልደረሰው ሰው እቤቱ ይዋል። በቴሌብር የምትቀበሉ ከሆነ ኔትወርክ የሚገኝበትን ቦታ ቀድማችሁ ተናገሩ፣ መልስ የሚሆን ዝርዝር ብርም አዘጋጁ።

8. ሲዞሩ

አስጎብኚው መጀመሪያ የእንግዳውን እርምጃ ይይ። የሚሄደው በራሱ ፍጥነት ሳይሆን በመጨረሻው ሰው ፍጥነት ነው። ከ2500 ሜትር በላይ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ይመጣል። እንግዳው ዕረፍት ያድርግ፣ ውሃ ይጠጣ፣ ከዚያ በላይ አይውጣ። ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተምታታ ወይም ተቀምጦም መተንፈስ ካቃተው ጠዋትን አትጠብቁ። በሌሊትም ቢሆን ወደ ታች ይውረድ። በቅሎ የማን ቤት እንዳለ፣ መኪና የት እንደሚደርስ፣ የጤና ጣቢያው ስልክ ቁጥር አስጎብኚው ኪስ ውስጥ ይኑር።

ፎቶ ከመነሣቱ በፊት ባለቤቱ ይጠየቅ። የምታርስ፣ የምትፈጭ፣ የምትጸልይ ሴት ትዕይንት አይደለችም። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጫማ እንደሚወልቅ፣ ነጠላ እንደሚያስፈልግ ከመነሳታቸው በፊት ንገሩ፤ በሩ ላይ ቆሞ መከልከል ያሳፍራል። ልጆች «ብር፣ እስክሪብቶ» እያሉ ሲከተሉ በዱላ ማባረር መፍትሔ አይደለም። ወላጆችን ሰብስቡ፣ ከመምህራን ጋር ተነጋገሩ፣ መስጠት ለሚፈልግ እንግዳ ትምህርት ቤቱን አሳዩት።

9. ነገር ሲበላሽ

ይበላሻል። ዝናብ ይመጣል፣ በቅሎ ትጠፋለች፣ ጋጋሪዋ ትታመማለች። ያኔ የሚጠቅማችሁ ፍጥነት ነው። እንግዳው ሳይጠይቅ እናንተ ቅደሙ። «እራት በ1 ሰዓት ብለናችሁ ነበር። እንጨቱ ረጥቦብን እስከ 2 ሰዓት ይቆያል። እስከዚያ ሾርባ አለ፣ ላምጣ?» ይህች አነጋገር ሦስት ነገር አላት፦ የሆነውን፣ አዲሱን ሰዓት፣ እስከዚያ የሚሆነውን። መግቢያው ላይ የነገርኳችሁን ልጅ በሚቀጥለው ዓመት አገኘሁት። «ሙቅ ውሃ አሁን የለም፤ አንድ ሰዓት ስጡኝ። ሻዩ ግን እሳት ላይ ነው» አለን። ሰዓቱን አየሁ። በሃምሳ ደቂቃ ውሃው ደረሰ።

ቅሬታ ስትጠይቁ «ሁሉ ጥሩ ነበር?» አትበሉ። አበሻ በይሉኝታ፣ ፈረንጅ በትሕትና «በጣም ጥሩ» ይላችኋል። «ነገ ለሚመጣው እንግዳ አንድ ነገር ብናስተካክል ምን ይሁን?» በሉ። ያኔ ይናገራሉ። የነገሯችሁን ደብተር ላይ ጻፉ፣ በወር አንድ ጊዜ ማኅበሩ ሲሰበሰብ ይነበብ። አትከራከሩ። «እንዲህማ አይደለም» ብላችሁ የመለሳችሁለት ሰው ሁለተኛ እውነቱን አይነግራችሁም።

10. ሽኝት

ሒሳብ ማታ ይዘጋ፣ ጠዋት ችኮላ ነው። ስንቅ ስጡ። የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦ፣ ቆሎ በንጹሕ ጨርቅ ወይም ወረቀት፤ ፌስታል ገደል ለገደል ይበራል። አልጋውንና ሽንት ቤቱን እንግዳው ሳይሄድ እዩ፣ የረሳው ነገር እዚያው እጁ ይግባ። እስከ መንገዱ መታጠፊያ ሸኙት። ቀጣዩ ማረፊያ ደውላችሁ «ሁለት ሰዎች ናቸው፣ አንደኛዋ ገብስ አይስማማትም» በሉ። ማታ ደግሞ ለእንግዳው ደውሉ ወይም ጻፉለት፦ «በሰላም ገባችሁ?»

አንሶላው ግን ጠዋቱኑ ይታጠብ። ከሰዓት ጭጋግ ከወረደ አይደርቅም።